ድመቷ ምንጣፍ ላይ ስትሸና፦ ሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ የሚደረግ ጽዳት

ቡችላው እንግዳ ፊት ሶፋው ላይ ሸናበት፤ ድመቷ ገና ታጥቦ የተነጠፈውን ምንጣፍ መርጣ አረጠበችው። እንዲህ ያለው ነገር ውሎ አድሮ ጓደኛሞች በተገናኙ ቁጥር የሚያሳስቅ ጨዋታ ይሆናል። ሽታው ግን እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ መክረም የለበትም። ብዙ ሰው ምንጣፉን በሳሙናና በውሃ አጥቦ ያደርቅና ተገላገልኩ ይላል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ አየሩ ሲረጥብ ያው ክርፋት ተመልሶ ሲመጣ ግራ ይገባዋል።

ጥፋቱ የዩሪክ አሲድ ነው። በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያና ጨው በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፤ ዩሪክ አሲድ ግን በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ሲደርቅ ደቃቅ ክሪስታል ሆኖ ከክሩ ጋር ይጣበቃል፣ እርጥበት ባገኘ ቁጥርም እንደገና ይሸታል። ሌላው ችግር ሽንቱ የደረሰበት ቦታ ነው። ፈሳሽ ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ከላይ መዳፍ የምታህለው እርጥበት ከሥር ባለው ስፖንጅ ላይ በጣም ሰፍታ ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ማጽጃው ሽንቱ የደረሰበት ድረስ መድረስ አለበት፤ ላዩን ብቻ ማበስ ድካም ነው።

ገና እርጥብ ሳለ

መፈተግ የለም፤ መፈተግ ሽንቱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ክሩንም ያበላሻል። ደረቅ ፎጣ አራት ቦታ አጥፋችሁ አስቀምጡበትና በእግራችሁ ቁሙበት። ለ30 ሰከንድ ያህል ቆማችሁ አንሱት፣ ደረቁን ጎን ገልብጡና ድገሙት። መጀመሪያ የሚነሳው ፎጣ ቢጫና ከባድ ነው፤ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው በኋላ ፎጣው እርጥበት እንኳ መያዝ ሲያቆም በቃ ማለት ነው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ከዳር ወደ መሃል አፍስሱና በዚያው መንገድ አስመጥጡት። ሙቅ ውሃና የእንፋሎት ማሽን አትጠቀሙ፤ ሙቀት እድፉን ከክሩ ጋር ያጣብቀዋል።

በኢንዛይም ማጽዳት

ለቤት እንስሳት ሽንት ተብሎ የተሠራ የኢንዛይም ማጽጃ ካገኛችሁ ከሁሉም እሱ ይሻላል፤ ዩሪክ አሲዱን የሚሰባብረው እሱ ነው። አልሠራልኝም የሚባለው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነፋ ነፋ ተደርጎ ወዲያው ስለሚጠረግ ነው። ኢንዛይም የሚሠራው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ከእድፉ ጠርዝ አንድ መዳፍ ያህል አልፋችሁ፣ ሥር ድረስ እንዲዘልቅ አፍስሱት። ለአዲስ ሽንት 15 ደቂቃ ሊበቃ ይችላል፤ ለቆየው ግን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ማሳደር ነው። ከዚያ አስመጥጡና በራሱ ይድረቅ። በመጀመሪያው ቀን ሽታው ሊብስ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ይጠፋል። አስቀድማችሁ አቼቶ ወይም ሳሙና ካፈሰሳችሁ ግን በውሃ አለቅልቁት፤ አለዚያ ኢንዛይሙን ያደክመዋል።

ኢንዛይም ከሌለ

ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉና ቦታውን አርሱት። 10 ደቂቃ ቆይቶ አስመጥጡት፣ በውሃ አለቅልቁት፣ ድጋሚ አስመጥጡት። ሊደርቅ ሲል ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት። ከዚያ 120 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና ጋር ቀላቅላችሁ አፍስሱበትና በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አዳርሱት፤ ጓንት አድርጉ። ከ15 ደቂቃ በኋላ አስመጥጡት፤ ሲደርቅ ዱቄቱን በቫኪዩም ወይም በመጥረጊያ አንሱት።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፐርኦክሳይድ ቀለም ስለሚያነጣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት፤ ሱፍና ሐር ላይ ጭራሽ አታድርጉት። ከአቼቶ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አትቀላቅሉት፤ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል አሲድ ይፈጠራል። የተረፈውን የፐርኦክሳይድና የሳሙና ድብልቅ ድፉት እንጂ ክዳን ዘግታችሁ አታስቀምጡ፤ ጋዝ አጭቆ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ይችላል። አቼቶንና ቤኪንግ ሶዳን አንድ ላይ ማፍሰስም ትርፉ አረፋ ነው፤ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል።

በረኪናን ተዉት። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣዋል። አሞኒያ ያለበት የወለል ማጽጃም ለእንስሳው ሽንት ሽንት ስለሚሸተው፣ እዚያው ቦታ ተመልሶ እንዲሸና ይጋብዘዋል።

ቦታው ያልታወቀ አሮጌ ሽታ

በማታ መብራት አጥፍታችሁ የአልትራቫዮሌት ባትሪ አብሩ። የደረቀ ሽንት ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የሳሙና ቅሪትም ስለሚያበራ ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ፤ ሽንት ከሆነ ዙሪያውን በጠመኔ አክብቡ፣ ጠዋት በምልክቱ ትሠራላችሁ።

ፍራሽ ከሆነ ፈሳሹን ቀንሱ፤ ስፖንጅ ውስጥ የቀረ ውሃ ሻጋታ ያበቅላል። በጎኑ አቁማችሁ በቬንትሌተር እስኪደርቅ ድረስ አንሶላ አታልብሱት።

እንስሳው ለምን ሸና?

ቡችላን አትቆጡ፤ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸትም ተደብቆ መሽናትን እንጂ ሌላ አያስተምረውም። እንደነቃ፣ እንደተጫወተና በልቶ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ወደ ውጭ አውጡት። የሁለት ወር ቡችላ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ነው የሚይዘው።

ድመት ብዙ ጊዜ የምትጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን የምትሸሸው ስለቆሸሸ ነው። በየቀኑ አጽዱላት፣ አሸዋው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጥለቅ፣ ሳጥኖቹም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጡ። ሳጥኑ ንጹሕ ሆኖ ሳለ በድንገት ከሳጥኑ ውጭ መሽናት ከጀመረች ሐኪም ይያት። ወንድ ድመት ደግሞ ደጋግሞ እየተቀመጠ እያማጠ ጠብታ ሽንት ካልወጣው፣ ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ምንጣፉን ትታችሁ በዚያው ሰዓት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።