180 ላይ አልበስል ያለው ዶሮ

አገር ከቀየርኩ በኋላ ለመጀመሪያው የገና እራት ሙሉ ዶሮ እንደለመድኩት 180 ላይ አድርጌ ኦቨን ውስጥ ከተትኩ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስከፍተው ቆዳው ገርጥቷል፤ ጭኑን በቢላ ወጋ ሳደርገው ቀይ ውሃ ወጣ። እንግዶቹ ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው!

ተበላሽቷል ብዬ ለአከራዬ ልደውል ስል ነው ማዞሪያው ጎን ያለችውን ትንሽ «ኤፍ» ያየኋት። ለካ ቁጥሩ በፋራናይት ነው፤ 180 ፋራናይት 82 ሴልሺየስ ብቻ ነው። ሴልሺየሱን በ1.8 አባዝቶ 32 መደመር ነው፦ የኔ 180 እዚህ 356 ይሆናል። ወደ 350 አዞርኩት።

ቀለሙን አላመንኩም፤ ቴርሞሜትር ሰክቼ የጭኑ ወፍራም ቦታ 74 ሴልሺየስ ሲያልፍ አወጣሁት። እራቱ 40 ደቂቃ ዘገየ። ስሌቱን በወረቀት ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።