ንቡ ሳይወጣ፦ የግቢ ቀፎ በአበባ ወራት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ 3 ቀፎ አለኝ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ማሩ ነው። መቼ ትቆርጣለህ? ስንት ኪሎ ወጣ? የእኛ ድርሻስ? እሰጣለሁ፣ ደስም ይለኛል። ቀፎ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሲመጣ ግን መጀመሪያ የማወራው ሌላ ነው። በአበባ ወራት ንቡ ንግሥቲቱን ይዞ ሊወጣ የሚሰናዳባት አንዲት ሳምንት አለች። እሷን ከደረስክባት አንዱ ቀፎህ ሁለት ይሆናል። ካመለጠችህ ግማሹ ንብ በጎረቤት ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ቀና ብለህ ታያለህ። እኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመቴ፣ ጥቅምት ላይ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር፤ እስከ ደቻቱ ድረስ ሮጬ ተከተልኩት፣ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ።

ድሬ ላይ አንቱታ አናበዛምና አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ። አንቺም እንዳለሽበት ቁጠሪው።

በእኛ በኩል ንብ ልቡ የሚነሳው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው በበልግ፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ ሲወርድ፣ የሐረርጌ ቡና ሲያብብ። ሁለተኛው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፤ የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ስትሄድ አየሩም አበባውም ይለያል። ስለዚህ የሐረሩ ወዳጅህ ቀፎዬን ዛሬ ፈተሽኩ ቢልህ ያንተም ቀን ዛሬ ነው ማለት አይደለም። የራስህን ቀፎ በር አንብብ። ንቦቹ እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ጭነው በብዛት መግባት ከጀመሩ ንግሥቲቱ እንቁላል እየጨመረች ነው። ከዚያ ድንጉላ ይበዛል። ድንጉላ ወንዱ ንብ ነው፤ ወፍራም፣ ዓይኑ ትልቅ፣ መናደፊያ የሌለው፣ ከሰዓት በኋላ እየጮኸ የሚወጣ። ድንጉላ ሲበዛ ስታይ ከዚያን ቀን ጀምረህ ቀፎውን በየ7 ቀኑ ክፈት።

ለምን 7? የንግሥት ቤት፣ ማለትም አዲስ ንግሥት የምታድግበት የሰም ቤት፣ ውስጥ የተጣለ እንቁላል በ3 ቀን ይፈለፈላል፣ በ8ኛው ቀን አካባቢ ቤቱ በሰም ይዘጋል፣ በ16ኛው ቀን ገደማ አዲሷ ንግሥት ትወጣለች። አሮጊቷ እናት ልጇ እስክትወጣ አትጠብቅም። ቤቱ በሚዘጋበት ሰሞን፣ ፀሐያማ ቀን መርጠው፣ ግማሽ ያህሉን ንብ አስከትላ ትሄዳለች። በየ2 ሳምንቱ የምታይ ከሆነ ሁሉም ነገር አንተ ሳታየው ያልቃል። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው፤ ማሩ እንዳይረበሽ ብዬ 3 ሳምንት ሙሉ አልከፈትኩትም ነበር።

ድሬ ላይ በቀን ቀፎ አትክፈት። ንባችን ቁጡ ነው፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፣ ጎረቤትህም ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምር። ልጆች ቤት ይግቡ። በግ ወይም ፍየል ታስሮ ከሆነ ፍታና አርቅ፤ የታሰረ እንስሳ ማምለጫ የለውም፣ በንብ የሚሞተውም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ነው። ጭስ ማጨሻው ላይ ደረቅ ኩበት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ አድርግ። ላስቲክና በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ በፍጹም አታስገባ፣ ማሩም ንቡም ይበላሻል። በሩ ላይ ሁለት ሦስቴ አጭስና ትንሽ ጠብቅ። ጭስ የሸተተው ንብ ማር ወደ መጉረስ ይሄዳል፣ ለመናደፍ ያለው ፍላጎትም ይቀንሳል። ቱታህ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፣ የሱሪህን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተት። ከተናደፍክ መናደፊያውን በጥፍርህ ቶሎ ፍቀህ አውጣና ቦታውን አጭሰው፤ አንዷ የተወችው ሽታ ሌሎቹን ይጠራል። ፊቱ ወይም ምላሱ ያበጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካለ ሥራውን ተወው፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰደው።

አሁን ፍሬሙን፣ ሰሙን የያዘውን የእንጨት ክፈፍ፣ አንሳ። የምትፈልገው ከሰሙ ታችኛው ጠርዝና ከጎኑ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነገር ነው። የባቢሌ ኦቾሎኒን ከነቅርፊቱ አስብ፣ ልክ እሱን ይመስላል። የንግሥት ቤት ማለት ያ ነው። ጠርዝ ላይ ብዙ ሆኖ ካየህ ንቡ ሊወጣ ነው። አንድ ሁለት ብቻ ሆኖ ከሰሙ መሀል ካገኘኸው ግን ሊሄዱ ላይሆን ይችላል፤ ያረጀች ወይም የሞተች ንግሥት እየተኩ ሊሆን ይችላልና አትንካው።

ብዙ ሰው የንግሥት ቤቶቹን ቆርጦ ይጥልና ጨረስኩ ይላል። አልጨረሰም። ከሳምንት በኋላ መልሰው ይሠሯቸዋል፣ አንዷን ሳያይ ካለፈ ደግሞ ንቡ ይወጣል። መውጣት የፈለገን ንብ በመከልከል አትይዘውም አቦ። የሚሻለው አንተው ራስህ አስወጥተኸው እዚያው ግቢህ ውስጥ ማስቀረት ነው።

እንዲህ አድርግ። ባዶ ቀፎ ከጎኑ አዘጋጅ። ንግሥቲቱን ፈልጋት፤ ሽማግሌዎቻችን አውራ ይሏታል፣ ሆዷ ረዘም ያለ፣ አካሄዷ ከሌሎቹ የተረጋጋ ናት። ያለችበትን ፍሬም ከነንቡ ወደ አዲሱ ቀፎ አዛውር። እጭ ያለበት አንድ ሁለት ፍሬም፣ ማርና የአበባ ዱቄት ያለበት ሁለት ፍሬም ጨምርላት። ወደ አዲሱ በሚሄዱት ላይ አንድም የንግሥት ቤት እንዳይኖር ደጋግመህ እይ። ከዚያ ከሌላ ሁለት ፍሬም ላይ ንብ አራግፍበት፣ ምክንያቱም የሚቀስሙት ትልልቆቹ ንቦች ነገ ጠዋት ወጥተው የሚመለሱት ወደለመዱት ቦታ ነው፤ አዲሱ ቀፎ ውስጥ የሚቀሩት ወጣቶቹ ብቻ ናቸው፣ ቁጥራቸው ካነሰ እጩን ማሞቅም መመገብም አይችሉም። በአሮጌው ቀፎ ውስጥ ከንግሥት ቤቶቹ ትልቁንና ያማረውን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት አስቀር። ሌላውን አንሳ። የንግሥት ቤቱ የቀረበትን ፍሬም ስታነሳ አታራግፈው፣ ቤቱ ውስጥ ያለችው ንግሥት ትጎዳለች።

ንግሥቲቱን ካጣሃትስ? ሲመሽ ታደክማለች፣ እኔም ስንቴ አጥቻታለሁ። እንቁላልና እጭ ያለበትን ፍሬም ለሁለቱም እኩል አካፍልና ከ4 ቀን በኋላ ተመለስ። አዲስ እንቁላል ያየህበት ቀፎ እሷ ያለችበት ነው፤ አሮጌው እንቁላል እስከዚያ ተፈልፍሎ አልቋል። የንግሥት ቤት ያለበትን ፍሬም ያን ጊዜ ወደሌላው ታዛውራለህ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፍሬም ባለው ዘመናዊ ቀፎ ነው። በሽግግር ቀፎም ይሠራል፣ ሰሙ ከላይ ከጣውላው ላይ ስለሚንጠለጠል ገልበጥ አታድርገው እንጂ። ባህላዊ ቀፎ ያለው ሰው ግን ውስጡን አገላብጦ ማየት አይችልም። እሱ መንጋው ሲወጣ ለመያዝ ይዘጋጅ።

መንጋ ሲወጣ ሩቅ አይሄድም፣ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ። አቅራቢያ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ይንጠለጠላል፣ ቃኚዎቹ ቤት እስኪያገኙ። ያ ጥቂት ሰዓት ሊሆን ይችላል፣ አንድ ሁለት ቀንም ሊሆን ይችላል። ሰፈር ውስጥ ሲያዩት ልጆች በኦሮምኛ «ከኒሳ! ከኒሳ!» (ንብ! ንብ!) እያሉ ይሮጣሉ፣ አንዱ ድንጋይ ያነሳል፣ አንዱ ላምባ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያ ሥራህ ሰው ማረጋጋት ነው። ሆዱ ማር ሞልቶ፣ የሚጠብቀው እጭ ሳይኖረው የተንጠለጠለ ንብ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋ ነው። ቱታህን ግን ልበስ። ስንት ቀን እንደቆየና እንደራበው አታውቅም።

ውሃ በመርጫ ስስ አድርገህ ርጭበት፤ የረጠበ ንብ ጠቅልሎ ይቀመጣል፣ አይበርም። ካርቶን ወይም ቀፎውን ራሱ ከሥሩ ያዝና ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ነቅንቅ። ክምሩ ዝርግፍ ይላል። ካርቶኑን አፉን ወደ መሬት አድርገህ ነጠላ ላይ ድፋውና በአንድ ጎኑ ድንጋይ አስገብተህ ክፍተት ተውለት። ከዚያ ተመልከት። በሩ ላይ ያሉት ጭራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ክንፋቸውን ካራገቡ ንግሥቲቱ ውስጥ ናት፣ የቀሩትን እየጠሩ ነው። ሁሉም ወደ ቅርንጫፉ ከተመለሱ እሷ አልገባችም፣ ድገመው። እስኪመሽ እዚያው ተወው። የመጨረሻው ከገባ በኋላ በነጠላው ጠቅልለህ ውሰድ።

የምታስገባበትን ቀፎ ውስጡን በንብ ሰም እሸው፣ ከዚያ በጠጅ ሳር። የጠጅ ሳር ሽታ ንቦች ራሳቸው ለመጠራራት ከሚያወጡት ሽታ ጋር ይመሳሰላል። እንዲህ የታሸ አሮጌ ቀፎ ዛፍ ላይ ብትሰቅል ሳትነካው ንብ ሊገባልህም ይችላል። አዲስ የገባ መንጋ እንዳይሄድብህ ከሌላ ቀፎ ያልተዘጋ እጭ ያለበት አንድ ፍሬም ስጠው። ይህን ካደረግኩ ወዲህ አንድም መንጋ በማግሥቱ አልሄደብኝም። ንብ የሚጮህ ልጅ ያለበትን ቤት ትቶ መሄድ ይከብደዋል። ምግብ ካጠረ 1 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠህ፣ ስንጥር አንሳፍፈህበት፣ ሲመሽ ቀፎው ውስጥ አስቀምጥ። ውጭ ካስቀመጥከው የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣል።

መውጣትና መኮብለልን ለይ። መንጋ ወጥቶ ከሆነ ቀፎው ውስጥ ግማሽ ንብና የንግሥት ቤት ቀርቷል። ከኮበለለ ባዶ ሰም ብቻ ነው የምታገኘው። የቆላ ንብ በተለይ ለመኮብለል ፈጣን ነው፣ ምክንያቱም ሙቀት፣ ጥማት፣ ረሃብ፣ ጉንዳን ነው። ማሩን ሙልጭ አድርገህ አትቁረጥ። የቀፎውን መቆሚያ እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁም፣ ንብ እንዳይገባበት ጣሳውን ከላይ ከልለው። ቀፎው ላይ ቆርቆሮ ብቻ አታልብስ፤ ንቡ የእጩን ቤት 34 እና 35 ዲግሪ ላይ ለመያዝ ውሃ እያመላለሰ ይደክማል። ቆርቆሮው ላይ ሳር ወይም ሰሌን ደርብበት።

ውሃውን ደግሞ አንተ ስጠው። ሰፊ ሳህን፣ ጠጠር ሙላበት፣ በየቀኑ ውሃ ጨምር። ይህን ንቡ የገባ ቀን ጀምር፤ አንዴ የጎረቤትህን በርሜል ከለመደ ማስተው ከባድ ነው፣ በውሃ ወረፋ ቀን ደግሞ ያ በርሜል ለጎረቤትህ ወርቅ ነው። የቀፎው በር ወደ መንገድ አይዙር። ፊት ለፊቱ ሁለት ሜትር የሚሆን አጥር ወይም ቁጥቋጦ ካለ ንቡ ተነስቶ ከሰው ራስ በላይ ይበራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ግቢና ግቢ ግድግዳ በሚጋሩበት፣ ቀፎ ባታስቀምጥ እመርጣለሁ። መንጋ የድንጋይ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ማውጣቱ መከራ ነው። ጫት ካለባቸው ገበሬዎች አጠገብ ከሆንክ ሄደህ አነጋግራቸው፤ መድኃኒቱን ሲመሽ፣ ንብ ሲገባ እንዲረጩ ለምናቸው። እኔ የማውቃቸው ከማር ጋር ስሄድ ሰምተውኛል።

የከፈልከውን አሮጌ ቀፎ 3 ሳምንት አትክፈት። አዲሷ ንግሥት ወጥታ፣ ከድንጉላ ጋር ተገናኝታ፣ እንቁላል እስክትጀምር ጊዜ ያስፈልጋታል፤ ለበረራ በወጣችበት ሰዓት ቀፎውን ካተራመስከው መግቢያው ሊጠፋት ይችላል። በሩን ብቻ ተመልከት። ከዚያ አንድ አመሻሽ ላይ አንዱን የመሀል ፍሬም አንስተህ ጀርባህን ለብርሃን ስጥ። በየቤቱ ሥር አንድ አንድ ሆኖ የቆመ፣ ከሩዝ ፍሬ በጣም ያነሰ ነጭ ነገር ካየህ ንግሥት አለህ። ክደነው። ካላየህ ከሌላው ቀፎ እንቁላል ያለበት ፍሬም አምጥተህ ስጣቸው፣ ራሳቸው ይሠሯታል።