የአመራር ዘይቤዎ በስፖርት ክለብ ሠራተኞች ላይ የሚያደርሰውን ጫና እንዴት መፈተሽና ማስተካከል ይቻላል?

በቅድሚያ በክለቡ ውስጥ የሚወሰኑ ጉዳዮችን በአንድ ገጽ ላይ ይዘርዝሩና ከየጎናቸው ወሳኙ ማን እንደሆነ ይጻፉ። ከአውቶቡስ ኪራይ እስከ ማሊያ እጥበት ሁሉም የእርስዎን ፊርማ የሚጠብቅ ከሆነ አመራርዎ አዛዥ ነው፤ ባለቤት ያጣው ጉዳይ ከበዛ ደግሞ ልቅ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊንና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጨረሻ በልጆች ቡድኖች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ በአዛዥ መሪ ሥር የነበሩ ልጆች መሪው ከክፍሉ ሲወጣ ሥራቸው ይቀዘቅዝ ነበር፤ በአሳታፊው ሥር የነበሩት ግን ይቀጥሉ ነበር። የክለብ ሠራተኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አለቃው በማያየው ቦታ፣ በካምፕና በጉዞ ላይ ነው።

አስቸጋሪው እርምጃ ክፉ ወሬ ያለ ፍርሃት እንዲደርስዎ ማድረግ ነው። የአንድ ክለብ ሥራ አስኪያጅ ሳለሁ ወጌሻው «ተከላካዩ ለቅዳሜ አይደርስም» ቢለኝ፣ በአሠልጣኙ ፊት «ሁልጊዜ ሰበብ ነው የምታመጣው» ብዬ ገሠጽኩት። በወሩ አጥቂያችን ጭኑን ሲያመው ወጌሻው በፋሻ ጠቅልሎ ዝም አለ፤ ልጁ ጨዋታው ሳይጋመስ በቃሬዛ ወጣ። ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው መሬት መሬቱን እያየ «ጋሼ፣ ብነግርዎትስ ይሰሙኝ ነበር?» አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ስለዚህ በየሳምንቱ ሰኞ ለግማሽ ሰዓት ይሰብስቡ፤ ወጌሻው፣ ትጥቅ ያዡና ሹፌሩ በቅድሚያ፣ አሠልጣኙ ቀጥሎ፣ እርስዎ መጨረሻ ይናገሩ፤ አለቃ አስቀድሞ ከተናገረ ሌላው የእሱን ሐሳብ ከማጽደቅ አያልፍምና። «ማን አበላሸው?» ከማለት «የት ላይ ተበላሸ?» ብለው ይጠይቁ። በተሸነፉበት ምሽት ስብሰባ አይጥሩ። በቴሌግራም ቡድን መገሠጽን እንደ አቋራጭ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ ፈጽሞ አልመክረውም፤ በሁሉም ፊት የተጻፈ ተግሣጽ ሠራተኛው ስልኩን በከፈተ ቁጥር ይታየዋል።

በጨዋታ ቀን ግን ምክክር ቦታ የለውም፤ የመነሻ ሰዓትንና የምግብ ሰዓትን ቡድን መሪው ብቻ ይዘዝ።

በመጨረሻም የዕረፍት ቀንን ያክብሩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት፣ በዕረፍት ቀን ለተሠራም በመደበኛው የሰዓት ክፍያ ሁለት እጥፍ እንዲከፈል ያዝዛል። ጨዋታ እሑድ ሲውል ትጥቅ ያዡ ማሊያ ሲያጥብ ያመሸበትን ሰዓት በዚያው ዕለት መዝግበው ለሒሳብ ክፍል ይላኩ።