አንድ ድራማ «ሻርኩን ዘለለ» የሚባለው መቼ ነው?

የምትወዱት ተከታታይ ድራማ ለዛው መጥፋት ሲጀምር አሜሪካኖች «ሻርኩን ዘለለ» ይላሉ። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ግን አንድ ደካማ ክፍል በታየ ቁጥር ሲወረወር ያናድደኛል። ቦታው ላይ ለመጠቀም መነሻውን ማወቅ ይጠቅማል።

«ሃፒ ዴይስ» እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ስለሚኖር ተራ ቤተሰብ የሚያወራ፣ ኤቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኮሜዲ ነበር። የሕዝቡ ልብ ግን ያለው ፎንዚ ጋ ነው፣ ሌዘር ጃኬት የማይለየው መካኒክ። እ.ኤ.አ. በ1977 አምስተኛው ሲዝን ሲጀምር ፎንዚን ሆሊውድ ወሰዱትና በቁምጣና በዚያው ጃኬት፣ በጀልባ እየተጎተተ ባሕር ላይ በስኪ (በውሃ መንሸራተቻ) ሻርክ አዘለሉት። በ1985 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ጆን ሃይን ከጓደኞቹ ጋር ስለ ድሮ ፕሮግራሞች ሲያወራ፣ አብሮት የሚኖረው ሾን ኮኖሊ የዚህ ኮሜዲ ቁልቁለት የጀመረው እዚያች የሻርክ ዝላይ ላይ ነው አለ። ሃይን በ1997 በዚሁ አባባል ድረ ገጽ ከፈተ፣ አባባሉም ተዛመተ።

እንግዲህ ዋናው ነገር፣ ገጸ ባሕርዩን እዩት። ያደረገው ነገር ከራሱ የመጣ ነው ወይስ እኛን ለማስደመም የተለጠፈበት? ፎንዚ ከዚያ በፊትም በሞተር ሳይክል 14 የቆሻሻ በርሜል ዘሎ ያውቃል። ግን ያኔ የዘለለው እዚያው ሰፈሩ ውስጥ፣ ክብሬ እየቀነሰ ነው ብሎ ስለፈራ ነው፤ ወድቆም ተጎድቷል። ያንን ማንም ቁልቁለት አላለውም። ዝላይ ራሱ ችግር የለውም ማለት ነው፣ ምክንያቱ ሲጠፋ ነው ነገር የሚበላሸው።

ደግሞ አትቸኩሉ። ሁለት ሦስት ክፍል ጠብቁ፣ ድራማው ወደ ራሱ ከተመለሰ ተዉት፣ ደራሲም ይደክመዋል። ድንገት ብቅ የሚል መንትያ ወንድም ወይም ማንም ያልጠበቀው ሕፃን ሲመጣ ግን ጆሮአችሁን አቁሙ።

የተመልካች ቁጥር አያታልላችሁ። «ሃፒ ዴይስ» ከሻርኩ በኋላ እስከ 1984 ድረስ በአየር ላይ ቆይቷል፤ ስለዚህ «ሻርኩን ዘለለ» ማለት «ተቋረጠ» ማለት አይደለም።

ስትናገሩት ደግሞ ቅጽበቱን ጥሩት። «ይሄ ድራማ ሻርኩን ዘሏል» ብቻ ብትሉ ክርክሩ አያልቅም። «ሞተ የተባለው አባት በሦስተኛው ሲዝን ሲመለስ ሻርኩን ዘለለ» በሉ። አባባሉን የማያውቅ ሰው ጋ ከሆናችሁ «ከዚያች ክፍል ጀምሮ ለዛው ጠፋ» ይበቃል።