የፕለግ ኢን ሃይብሪድ የቤተሰብ መኪናን ወጪ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንዴት ማስላት ይቻላል

ፕለግ ኢን ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም ሶኬት ላይ ተሰክቶ በሚሞላ ባትሪም የሚሄድ መኪና ያለው ሰው «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ተብሎ ሲጠየቅ በአንድ ቁጥር መመለስ አይችልም፤ ቢመልስም መልሱ ስለ መኪናው ከሚናገረው ይልቅ ስለ ባለቤቱ ልማድ የሚናገረው ይበልጣል። ማታ ማታ ባትሪውን እየሞላ ከሳር ቤት ካዛንቺስ ደርሶ የሚመለስ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ማደያ ላይረግጥ ይችላል። ያንኑ ሞዴል እየነዳ ቻርጅ የማያደርገው ጎረቤቱ ግን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ ቤንዚን ያቃጥላል። ስለዚህ ወጪውን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ ሁለት ነገር ለየብቻ መለካት አለበት፦ መኪናው በኤሌክትሪክ ብቻ 100 ኪሎሜትር ሲሄድ ስንት ኪሎዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪ ኤሌክትሪክን የሚቆጥርበት መለኪያ) እንደሚፈጅ፣ ባትሪው ካለቀ በኋላ ደግሞ በ100 ኪሎሜትር ስንት ሊትር እንደሚጠጣ።

በፋብሪካው መግለጫ ላይ የሰፈረው ቁጥር ለዚህ አይረዳም። ባለ 18.1 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው ቶዮታ ራቭ ፎር ፕለግ ኢን በአውሮፓ መለኪያ 100 ኪሎሜትር በ1 ሊትር ይሄዳል ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይህ የሚሆነው መለኪያው አብዛኛው ጉዞ በባትሪ ይሸፈናል ብሎ ስለሚያስብ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ጥናት በ2021 የተመዘገቡ ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች በመንገድ ላይ የተጠቀሙት ነዳጅ በአማካይ በ100 ኪሎሜትር 5.94 ሊትር ሲሆን፣ በወረቀት የተመዘገበው ግን 1.69 ሊትር ነበር። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ተኩል ይሆናል፤ ዋናው ምክንያትም መኪኖቹ በታሰበው መጠን ቻርጅ አለመደረጋቸው ነው።

አንደኛው እርምጃ፦ የኤሌክትሪኩን ፍጆታ ከቆጣሪው ማንበብ

ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ከባትሪው የወጣውን ኃይል ነው፤ እርስዎ የሚከፍሉት ግን ከቆጣሪው ለወጣው ሲሆን፣ በመሙላት ሂደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በሙቀት መልክ ይባክናል። ስለዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ቤተሰቡ በተኛበት ሁለት ተከታታይ ሌሊት ቆጣሪውን ያንብቡ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት መኪናውን ሳይሰኩ፣ ሁለተኛውን ባትሪው ባለቀበት ሰክተው። ያለ መኪናው 1.5፣ ከመኪናው ጋር 13.5 ኪሎዋት ሰዓት ከቆጠረ መኪናው የወሰደው 12 ነው። በማግስቱ ባትሪው እስኪያልቅ 50 ኪሎሜትር ከሄዱ በ100 ኪሎሜትር 24 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በአንድ ቀን ውጤት ብቻ እንዳይወስኑ፤ አንድ ሳምንት ደጋግመው አማካዩን ይያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በ220 ቮልት እና በ10 አምፔር የሚሞላ መኪና 2.2 ኪሎዋት ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይስባል። ለቴሌቪዥን የተገዛ ቀጭን ዲቫይደር ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ቤትም ሊያቃጥል ይችላል። ለመኪናው ብቻ የሚያገለግል፣ የራሱ ብሬከር እና ኧርዝ ያለው ሶኬት በባለሙያ ማስገጠም ከወጪው ስሌት ውስጥ መጀመሪያ የሚገባ እንጂ የሚዘለል አይደለም።

ሁለተኛው እርምጃ፦ የቤንዚኑን ፍጆታ ባትሪው ባለቀበት መለካት

ባትሪው ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ መኪናው እንደ ተራ፣ ሶኬት ላይ እንደማይሰካ ሃይብሪድ መሥራት ይጀምራል። በዚህ ሁኔታ ማደያ ገብተው መቅጃው ራሱ እስኪዘጋ ያስሞሉ፤ ኪሎሜትሩን ከዜሮ ያስጀምሩ፤ ሳይሰኩ ቢያንስ 300 ኪሎሜትር ይንዱ፤ ከዚያም በዚያው ማደያ በተመሳሳይ መንገድ ያስሞሉ። በ320 ኪሎሜትር 25.6 ሊትር ከገባ ፍጆታው በ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መነሻው ላይ ባትሪው ሙሉ፣ መድረሻው ላይ ባዶ ሆኖ ሲለካ ነው፤ ያን ጊዜ ከሶኬት የመጣው ኃይል በቤንዚኑ ስም ይቆጠራል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ስለሚፈጸም የከፈሉበት ቀንና ገንዘብ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ ከዚያ እያዩ ወደ ደብተርዎ ይገልብጡ።

ከከተማ ውጭ ሲለኩ ደርሶ መልሱን በአንድነት ይያዙ። አዳማ ከመሀል አዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ያህል ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። የመሄጃውን ብቻ የለካ ሰው መኪናው ቆጣቢ ነው ብሎ ይደሰታል፤ መመለሻው ላይ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል።

ሦስተኛው እርምጃ፦ ሁለቱን በብር ማገናኘት

የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት በየጊዜው ይከለሳል፣ የቤት ኤሌክትሪክ ታሪፍም እንደ ፍጆታው መጠን ይለያያል፤ ስለዚህ የራስዎን ዋጋ ከራስዎ ደረሰኝ ይውሰዱ። ለኤሌክትሪኩ ቀላሉ ዘዴ መኪናው ከመምጣቱ በፊት የነበረውን የአንድ ወር ክፍያ ከመጣ በኋላ ካለው ላይ ቀንሶ ልዩነቱን መኪናው በወሰደው ኪሎዋት ሰዓት ማካፈል ነው። ለስሌት ያህል ቤንዚኑን በሊትር 120 ብር፣ ኤሌክትሪኩን በኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብለን እንያዝ። 100 ኪሎሜትር በኤሌክትሪክ 144 ብር፣ በቤንዚን 960 ብር ያስወጣል። በወር 1,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው ጨርሶ ካልሰካ 9,600 ብር፣ 700ውን ኪሎሜትር በባትሪ ከሸፈነ 3,888 ብር፣ 900ውን ከሸፈነ ደግሞ 2,256 ብር ይከፍላል። በእኔ እምነት ከአነዳድ ጥበብ ሁሉ በፊት ወጪውን የሚወስነው ይህ በባትሪ የሚሸፈነው ድርሻ ነው። መኪናውን የሚያሳድርበት ቦታ ሶኬት የሌለው፣ ማሠራትም የማይፈቀድለት የአፓርታማ ነዋሪ ይህን ዓይነት መኪና ከመግዛቱ በፊት ደግሞ ቢያስብ ይሻላል።

መሀል ከተማው ለባትሪ ይስማማል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በዚያው መጠን አቅም ያጣል፣ አየር የማይሻው ኤሌክትሪክ ሞተር ግን ምንም አይጎድልበትም። በሜክሲኮ አደባባይ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆም አያቃጥልም፤ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርድም ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከቁልቁለቱ አናት ላይ የሚኖሩ ከሆነ ባትሪውን ጢም አድርገው ሞልተው ወዲያው አይውረዱ፤ የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ ያጣል። ከአዳማ ሲመለሱ በፍጥነት መንገዱ ላይ ባትሪውን የሚያቆየውን ቁልፍ ተጭነው በቤንዚን ይምጡ፣ የቀረውን ባትሪ ከቃሊቲ ወዲህ ላለው የከተማ መንገድ ይጠቀሙበት። ሞተሩ ባትሪውን እንዲሞላ የሚያደርገውን ቁልፍ ግን ካልቸገረዎት አይንኩት፤ ቤንዚንን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ መልሶ መንዳት በየደረጃው ኪሳራ አለው።

የቀሩት ወጪዎች ከሌላ መኪና ብዙም አይለዩም፦ ቦሎ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ዘይትና ፊልትሮ። ሞተሩ እምብዛም ባይሠራም ዘይቱ በጊዜ ያረጃልና ኪሎሜትር ሳይጠብቁ መመሪያው ባዘዘው ወር ያስቀይሩ። ኤሌክትሪክ ሞተሩ ፍጥነቱን ስለሚገታ የፍሬን ሸራ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ በአንጻሩ የባትሪው ክብደት ጎማ ይበላል።

ልኬቱን በየሦስት ወሩ ይድገሙት። በ100 ኪሎሜትር የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ከጨመረ አስቀድመው የጎማውን ንፋስ ያስለኩ። ፍጆታው እንደነበረ ሆኖ በአንድ ሙሌት የሚሄደው ርቀት ካጠረ ግን የቀነሰው የባትሪው የመያዝ አቅም ነውና፣ ደብተርዎን ይዘው ወደ ባለሙያ ይሂዱ።