ከጓንዡ በባቡር ስትነሱ፦ ጣቢያና ፍተሻ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ ዕቃ ሊገዙ ቻይና፣ ጓንዡ ገብተው ወደ ሼንዘን፣ ዪዉ ወይም ሻንጋይ በፈጣን ባቡር ለሚሄዱ ወገኖች ነው። ፓስፖርት መያዝና ስልክ ቻርጅ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። እሱን ልለፈውና ወደሚያስቸግረው ልግባ።

ችግር፦ ጣቢያ ደርሰናል፣ የባቡራችን ቁጥር ግን ሰሌዳው ላይ የለም

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። ባቡሩ አልተሰረዘም። የሄዳችሁት ሌላ ጣቢያ ነው።

ጓንዡ ብዙ ጣቢያ አላት። የድሮው የጓንዡ ጣቢያ አለ። የምስራቁና የሰሜኑ አሉ። በ2023 መጨረሻ የተከፈተው ባይዩን አለ። ከ2010 ጀምሮ የሚሠራው ትልቁ የደቡብ ጣቢያ ደግሞ ፓንዩ የሚባል ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከመሀል ከተማ ሩቅ ነው። እጅግ ብዙ ፈጣን ባቡሮች የሚነሱት ከዚያ ነው።

የኛ ነጋዴ የሚያርፈው ግን ሻኦቤይ ወይም ሳንዩዋንሊ አካባቢ ነው። ሁለቱም ከድሮው ጣቢያ በሜትሮ አንድ ፌርማታ ናቸው። ታክሲ ውስጥ ገብቶ "ባቡር ጣቢያ" ካለ ሹፌሩ እዚያው ቅርቡ ጋ ያወርደዋል። ሹፌሩ ምን ያድርግ?

አንድ የመርካቶ ጫማ ነጋዴ ሼንዘን ፋብሪካ ቀጠሮ ይዞ "ባቡሩን ሰርዘውብኛል" ብሎ ደወለልኝ። ቲኬቱን ላክልኝ አልኩት። መነሻው የደቡብ ጣቢያ፣ እሱ የቆመው የድሮው ጣቢያ። ሊነሳ 35 ደቂቃ ቀርቶታል። "በታክሲ ልብረር?" አለኝ። አይደርስም አልኩት፤ ቲኬቱን ወደሚቀጥለው ባቡር ቀየርንለት፣ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካው ገባ። ሁለት እህትማማቾችም አሉ፤ ሻንጣቸው በዝቶ በሁለት ታክሲ ሄዱ። አንዷ ደቡብ፣ አንዷ ምስራቅ ጣቢያ ወረዱ። ሁለቱም "የት ነሽ? እኔ በሩ ላይ ነኝ" ሲባባሉ ባቡሩ ሄደ።

መፍትሄው ቲኬቱ ላይ ያለውን የጣቢያ ስም እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። መጨረሻው ላይ "ናን" ካለ ደቡብ፣ "ዶንግ" ካለ ምስራቅ፣ "ቤይ" ካለ ሰሜን፣ "ሺ" ካለ ምዕራብ ነው። ለሹፌሩ በአፍ አትንገሩት፤ በቻይንኛ የተጻፈውን ስም ስልካችሁ ላይ አሳዩት። ለደቡብ ጣቢያ ደግሞ ታክሲም አያስፈልግም። ሜትሮ መስመር 2 ከሳንዩዋንሊና ከድሮው ጣቢያ በቀጥታ ይወስዳችኋል፣ ከ40 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ሜትሮ መግቢያ ላይም ሻንጣ በማሽን ይፈተሻል፤ እሱንም አስቡበት።

መድረሻውንም እንደዚሁ አንብቡ። ሼንዘን የሉኦሁ፣ የሰሜንና የፉቲየን ጣቢያዎች አሏት። ሻንጋይም ሆንግቻኦ አለ፣ ሌላም አለ። የሚቀበላችሁን ሰው ከተማውን ብቻ ነግራችሁት አትሂዱ።

ስህተቱን ያወቃችሁት ሰዓቱ ሳይደርስ ከሆነ ወዲያው ቀይሩ። ባቡሩ ከሄደ ገንዘብ አይመለስም። በዚያው ቀን ወደሚሄድ ሌላ ባቡር መቀየር ግን ይቻላል፣ ቦታ ካለ። አንድ ቲኬት የሚቀየረው አንዴ ብቻ ስለሆነ በድንጋጤ ያገኛችሁትን ሰዓት አትምረጡ። መቼ እንደምትደርሱ አስሉና ከዚያ ቀይሩ።

ችግር፦ በሰዓቱ መጥተናል፣ ባቡሩ ሄዷል

የኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቲኬቱ ላይ 08:05 ሲል ጠዋት 2:05 ማለት ነው። እሱን አይተው ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት የሚመጡ አሉ። ለጓደኛ በስልክ ስትነግሩ "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት" ሳትሉ አትዝጉ።

ሌላው ምክንያት የመሳፈሪያ በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ መዘጋቱ ነው። ከተዘጋ ማንም አይከፍትላችሁም፣ ባቡሩ ፊታችሁ ቆሞም ቢሆን። ለደቡብ ጣቢያ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። መሳፈሪያው 3ኛ ፎቅ ነው። ምድር ቤት ያለው መውጫ ላይ እየዞሩ ጊዜ የሚያጠፉ ብዙ ናቸው።

ችግር፦ ፓስፖርቱን ስናስነካው በሩ አይከፈትም

መጀመሪያ በሩን እዩት። ሁሉም ማሽን ፓስፖርት አያነብም። ዳር ላይ ሠራተኛ የቆመበት መተላለፊያ አለ፣ ወደዚያ ሂዱ። ከኋላችሁ መቶ ሰው ተሰልፎ ማሽኑን ደጋግማችሁ አትታገሉት።

ሠራተኛውም "የለም" ካለ ቲኬቱ ላይ የገባው የፓስፖርት ቁጥር ስህተት ነው። ወረቀት ቲኬት ቀርቷል፤ ቲኬታችሁ ራሱ የፓስፖርት ቁጥሩ ነው። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ቲኬት የላችሁም ማለት ነው። እዚህ ላይ ቲኬት በሚቆርጡልን ሰዎች በጣም አዝናለሁ። የደበዘዘ ስክሪንሾት ተቀብለው ዜሮን ኦ አድርገው ይጽፋሉ፣ ክፍያውን ተቀብለው ስልክ ይዘጋሉ። የታደሰ ፓስፖርት ይዞ በአሮጌው ቁጥር የሚቆርጥም አለ።

የስምም ነገር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ የአያትን፣ ሌላው የአባትን ስም ከፊት ያስገባል። አትገምቱ። ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። በመጀመሪያው ከአገር ኮዱ ቀጥሎ ያለው የቤተሰብ ስም፣ ከሁለቱ ቀስቶች በኋላ ያለው የራስ ስም ሆኖ ይገባል። እንዳለ ገልብጡት። ቁጥሩ ተሳስቶ ከተቆረጠ ግን ማረም የለም፤ መልሶ ሌላ መቁረጥ ነው። የተሳሳተውን ቲኬት መልሳችሁ ገንዘባችሁን ስትቀበሉ፣ ባቡሩ ሊነሳ 8 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀር ምንም አይቆረጥም። ከ48 ሰዓት በላይ ሲቀር 5 በመቶ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት 10 በመቶ፣ ከዚያ በታች 20 በመቶ ይቆረጣል። ስለዚህ ቲኬቱ በተቆረጠ ዕለት ቁጥሩን ከፓስፖርታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ችግር፦ ፍተሻ ላይ ሻንጣችን ተይዟል

አብዛኛውን ጊዜ የሚያስይዘው ለናሙና የያዛችሁት ዕቃ ነው።  የወጥ ቤት ቢላ፣ መቀስና የፍራፍሬ ቢላ ስለታቸው ከ6 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አይገባም። የጸጉር ስፕሬይ ከ150 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ፣ ከየዓይነቱ አንድ። ሽቶ ከ100 ሚሊ ሊትር የማይበልጥ፣ እሱም ከየዓይነቱ አንድ። የጥፍር ቀለም ሁሉም ተደምሮ 50 ሚሊ ሊትር፤ የውበት ዕቃ የምትነግዱ እህቶች፣ ካርቶን ሙሉ ይዛችሁ አትምጡ፣ በጭነት ላኩት። ላይተር ሁለት ይበቃል።

ፓወር ባንክ ከ100 ዋት አወር መብለጥ የለበትም። 20,000 ሚሊ አምፒር አወር (mAh) የሚለው ያልፋል፣ 30,000 የሚለው አያልፍም። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ትንሹም ይወሰዳል። ገበያ ውስጥ በርካሽ የሚሸጡት፣ ጽሑፋቸው በሁለት ሳምንት የሚለቅ፣ ለባቡር ቀርቶ ለኪስም አደገኛ ናቸው። እባካችሁ አትግዟቸው።

የተያዘውን ዕቃ መጣል ብቻ አይደለም ምርጫው። ለሸኛችሁ ሰው መስጠት ይቻላል። ብዙ ትልልቅ ጣቢያዎች ውስጥ መልእክት አድራሾች ስላሉ ወደ ሆቴላችሁ መላክም ይቻላል። ከፈታሹ ጋር አትጨቃጨቁ፤ ሰዓቱ የሚሄደው በእናንተ ላይ ነው።

በስኮች ዙሪያውን የተጠቀለለ ካርቶን ማሽኑ ከጠረጠረው እዚያው ያስፈቱታል። ላዩን በሚፈታ ገመድ እሰሩት። ፈጣን ባቡር ላይ ለአንድ ሰው የተፈቀደው 20 ኪሎ ነው፣ የሻንጣው ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ከ130 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

የመሳፈሪያ በር ቁጥሩ አጠገብ ኤ ወይም ቢ ካለ ለፉርጎ ቁጥራችሁ የሚቀርበውን ያሳያል። በሌላኛው ከገባችሁም ባቡሩ ያው ነው፤ ብዙ መሄድ ነው እንጂ።

በሩ ድንገት ከተቀየረ ማስታወቂያው በቻይንኛ ቀድሞ ይነገራል፣ ስለዚህ ዓይናችሁ ሰሌዳው ላይ ይሁን።

መውጫም ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት።