ማንጋኒዝ ኦክሳይድን በካርቦን ናኖቲዩብ ላይ በስሱ ማልበስ

ቂሊንጦ ላብራቶሪያችን ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ የማሳያቸው ይሄንን የሱፐርካፓሲተር (ቻርጅ በፍጥነት የሚይዝና የሚለቅ ዕቃ) ኤሌክትሮድ ነው። ትልቅ ምድጃ አይፈልግም። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ እንኳ ይዘገያል እንጂ አይበላሽም።

ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ርካሽ ነው። በንድፈ ሐሳብ በግራም እስከ 1370 ፋራድ (ቻርጅ የመያዝ አቅም መለኪያ) ይደርሳል። ግን ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ ከወፈረ የሚሠራው ላይ ላዩ ብቻ ነው። ካርቦን ናኖቲዩብ፣ ማለትም እጅግ ቀጭኑ የካርቦን ቱቦ፣ ጎበዝ አስተላላፊ ነው፤ ብቻውን የሚይዘው ቻርጅ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚታሰሰው፣ ኦክሳይዱ ናኖቲዩቡን በስሱ ይልበሰው። ኦክሳይድ በበዛ ቁጥር ቻርጅ ይበዛል ብላችሁ አታስቡ።

ናኖቲዩብ ውሃ አይወድም። ውሃ እንዲቀበል በናይትሪክ አሲድ አፍልታችሁ በደንብ እጠቡት። ይሄ ጭስ መሳቢያው ስር ብቻ የሚሠራ ነው፤ ደረቁን ዱቄት ስትመዝኑም ማስክ አድርጉ። ከዚያ 0.1 ግራሙን በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ በአልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ በሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ) በትኑት። ውሃው ዲስቲልድ ይሁን። የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስላለበት ለዚህ አይሆንም።

0.2 ግራም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ለብቻው በውሃ አሟሙና ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። አደራ፣ ፐርማንጋኔትን ከካርቦን ጋር በደረቁ አትውቀጡ፤ ይቀጣጠላል። ከተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ጋርም አታገናኙት፤ ይፈነዳል።

እያማሰላችሁ 70 ዲግሪ ላይ ያዙት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ጽሑፍ ላይ 100 ዲግሪ የሚል ብታዩ ክፍት ቢከር ውስጥ አታገኙትም። ፐርማንጋኔቱ ከካርቦኑ ኤሌክትሮን ይወስድና እዚያው ካርቦኑ ላይ ኦክሳይድ ሆኖ ይቀመጣል። ይሄን ዘዴ የምወደው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ የሚጣበቁት ያለ ማጣበቂያ ነው። ከ0.2 ግራሙ የሚገኘው ኦክሳይድ ቢበዛ 0.11 ግራም ነው።

ሰዓት አትከተሉ፣ ቀለም ተከተሉ። ትንሽ ቀድታችሁ ጥቁሩ ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ውሃ እዩት። ሐምራዊ ከሆነ ገና ነው። ሲጠራ አጣሩ፣ እጠቡ፣ 60 ዲግሪ ላይ አድርቁ።

ቀሪው ቀላል ነው። 80 እጅ ዱቄት፣ 10 እጅ ካርቦን ብላክ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የካርቦን ዱቄት)፣ 10 እጅ ፒቪዲኤፍ (ዱቄቱን ከሉሁ ጋር የሚያጣብቅ ፕላስቲክ) በኤንኤምፒ (ፕላስቲኩን በሚያሟሟ ፈሳሽ) ለውሳችሁ የግራፋይት ሉህ ላይ ቀቡና በደንብ አድርቁ።

በ1 ሞላር ሶዲየም ሰልፌት ውስጥ፣ ከ0 እስከ 0.8 ቮልት፣ በብር/ብር ክሎራይድ ማነጻጸሪያ ኤሌክትሮድ፣ ቮልቴጁን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ የሚያልፈውን ከረንት ለኩት። በሰከንድ ከ5 ሚሊቮልት ጀምራችሁ እስከ 100 ፍጥነቱን ጨምሩ። የከረንትና የቮልቴጅ ኩርባው አራት ማዕዘን ሆኖ ከቆየ ጥሩ ነው። ፍጥነት ሲጨምር እንደ ቅጠል ከሾለ ልባሱ ወፍሯል ወይም ቅቡ ከሉሁ ጋር በደንብ አልተገናኘም። መጀመሪያ ቅቡን እዩ፤ እሱ ደህና ከሆነ ፐርማንጋኔቱን ወደ 0.1 ግራም ቀንሳችሁ ድገሙት። ፋራዱን ስታሰሉም ለኦክሳይዱ ክብደት ብቻ አታካፍሉ። ናኖቲዩቡም ይመዘን።